ለአንድ ጣሳ ብሎ

በአባቴ ላይ አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ ቂም ይዤ ኖሬያለሁ። አብሬው በልቻለሁ፣ አብሬው ስቄያለሁ፣ ወገቡን ሲያመው ሐኪም ቤት ይዤው ሄጃለሁ፤ ቂሙ ግን ከሆዴ አልወጣም። ምክንያቱን ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ አንድ ነበር። «ለአንድ የብስኩት ጣሳ ብሎ ፕሌይስቴሽኔን በመጥረቢያ ሰባበረው» እላለሁ። ሰው ሰምቶ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። አባቴ አጠገባችን ካለ እሱም ይስቃል። ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ሳቁ ነው።

ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት አስራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከላፍቶ ወደ ጀሞ ሲኬድ፣ ከወንዙ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። ዙሪያችን ገና እርሻ ነው፤ ከማዶ ግን ኮንዶሚኒየሙ ፎቅ በፎቅ መሆን ጀምሯል፤ የገልባጭ መኪና አቧራ እየመጣ ሽምብራችን ላይ ያርፋል። አባቴ ሁንዴሳ ይባላል፣ እናቴ ገዲሴ። ታናሽ ወንድሜ ቦና ያኔ ሰባት ዓመቱ ነው። አራት ላሞች ነበሩን፤ ከወንዙ ዳር ደግሞ አባቴ ከአያቴ የወረሰው፣ አንድ ዓመት ጤፍ አንድ ዓመት ሽምብራ የሚዘራበት መሬት ነበረን።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ተማሪ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። ጎህ ሲቀድ እናቴ ያለበችውን ወተት በሁለት ጀሪካን አንጠልጥዬ መካኒሳ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ፤ በር እያንኳኳሁ ለደንበኞቻችን ሰፍሬ እሰጣለሁ። ስመለስ ጀሪካኖቹን በሙቅ ውሃና በጠጠር እያንቀጫቀጭኩ አጥባለሁ። በረት እጠርጋለሁ፣ ኩበት እጠፈጥፋለሁ። ሽምብራው እሸት ሲሆን ደግሞ እርሻው ዳር ተቀምጬ እየነቀሉ የሚሮጡትን የሰፈር ልጆች በድንጋይ አባርራለሁ። እጄ አረንጓዴና ኩበት ኩበት የሚሸት ነበር፤ ሰኞ ክፍል ስገባ ከዴስክ በታች እደብቀዋለሁ።

የመጨረሻው ደንበኛዬ መካኒሳ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው ነበር። ላቀው ይባላል። በልጅነቴ ጋሼ ብዬ አንቱ እለው ነበር። አሁን እሱ ነው የምለው፤ እሱም ሲበዛበት ነው። ሱቁ ጠባብ ነች፤ ጀርባቸው የተከፈተ ቴሌቪዥኖች እስከ ጣራው ተደርድረዋል፤ የቀለጠ ሊድ ሽታ ከበሩ ይቀበላችኋል። ወተቱን ለመቅዳት የሚፈጅብኝን ጊዜ ሆን ብዬ አረዝም ነበር። ያንን ልብ አለ።

አንድ ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ ግራጫ፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ ፕሌይስቴሽን አየሁ።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«ዲስኩን ያዞራል እንጂ አያነብም። ባለቤቱ ሰልችቶት ጥሎት ሄደ።» ካቻቢቴውን በእጀታው በኩል አዙሮ አቀበለኝ። «ፍቺው እስቲ።»

ፈታሁት። ብሎኖቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ በወጡበት ቅደም ተከተል ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ማንም አላስተማረኝም ነበር። እሱ ሳቀና «ጎበዝ ነሽ» አለኝ። «ይዘሽው ሂጂ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወተት ስታመጪ አንዳንድ ነገር አሳይሻለሁ። ከሠራሽው ያንቺ ነው።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ከቤተሰቤ ውጪ ጎበዝ ያለኝ ሰው አልነበረም። ጀሪካን ተሸክሜ ስመለስ መንገዱ አልታወቀኝም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ይዤ እመለሳለሁ። ሌንሱን በጥጥና በአልኮል እንዴት እንደምጠርግ፣ ጠፍጣፋውን ሽቦ ሳልቀደው እንዴት እንደማወጣ፣ መበየጃውን እንዴት እንደምይዝ አሳየኝ። እያሳየኝ ያጫውተኛል። አባትሽ ስንት ወንድም አለው? ወንዙ ዳር ያለው እርሻ ከጥንትም የእናንተ ነው? ከቀበሌ ሰው ይመጣል? አባትሽ ወረቀት ማንበብ ይችላል? ጨዋታ ወዳድ ሰው መሰለኝ። የማወራለትን ነገር ሁሉ አፉን ከፍቶ ይሰማኛል። ዛሬ ሳስበው፣ አንዲት ጥያቄ እንኳ ለጨዋታ ብሎ አልጠየቀኝም።

ሥራውና ፕሌይስቴሽኑ ግን ወዲያው ተጋጩብኝ። አንድ ቀን ለመፍታት ቸኩዬ ጀሪካኑን ለቅለቅ ብቻ አድርጌ ተውኩት። በማግስቱ የሦስት ቤት ወተት ምድጃ ላይ እንዳለ ተበላሸ። አንዷ ደንበኛችን ቤታችን ድረስ መጥታ እናቴን አዋረደቻት። እናቴ ጆሮዬን ይዛ እየጎተተች «ያንን ሳጥን ወንዝ ነው የምከተው» አለች።

አባቴ ከበረቱ በር ላይ ሆኖ ይሰማ ነበር። «ሥራዋን ትጨርስ» አለ። «ከስምንት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት ያለው የራሷ ይሁን።»

«እርሻውን ማን ይጠብቅልሃል?»

«እኔ እጠብቃለሁ።»

እንዲህ ሆነ። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ እኔ ጥላ ሥር መደብ ላይ ተቀምጬ ስፈታና ስገጥም፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲቆፍር የከረመው አባቴ እርሻው ዳር ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ልጆች ያባርራል። እርሻውን ስለሚወደው ነው የሚሄደው ብዬ ነበር የማስበው። አንዳንዴ መጥቶ ከኋላዬ ይቆማል። «ዓይኑ ይሄ ነው?» ብሎ ሌንሱን በጣቱ ሳይነካ ያሳየኛል። «አዎ አባዬ፣ በእሱ ነው የሚያነበው» እለዋለሁ። «ይገርማል» ብሎ ይሄዳል።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ እሁድ አባቴና እናቴ ሰበታ ለቅሶ ሄዱ። እኔና ቦና ብቻችንን ነበርን። ላቀው ዲስክ ይዞ ከተፍ አለ። ቤታችን መጥቶ አያውቅም ነበርና በደስታ የማደርገውን አጣሁ።

«ገልብጪው» አለኝ። «ሌንሱ አርጅቶ ዘምሟል። ተገልብጦ ሲቀመጥ ወደ ቦታው ይመለሳል።»

ፕሌይስቴሽኑን በጀርባው ገለበጥነው። ቴሌቪዥናችን ከሦስቱ ገመድ ምስል የሚያመጣውን ቢጫውን ብቻ ነበር የሚቀበለው፤ ስለዚህ ድምፅ የለም። ግን ስክሪኑ ጠቆረ፣ ነጣ፣ ከዚያ መኪኖች መጡ። ቦና ጮኸ። እኔ አልጮህኩም።

«አሁን አቧራ እንዳይገባበት ነው» አለ ላቀው። «ዲስኩንና ትርፍ ብሎኖቹን የምታስቀምጪበት ክዳን ያለው ጣሳ የላችሁም?»

ነበረን። ክዳኑ ላይ የአበባ ስዕል ያለበት የብስኩት ጣሳ ከአባቴ አልጋ ራስጌ፣ ከሳጥኑ ሥር ነበር። አባቴ ወረቀቶቹን የሚያስቀምጥበት ነው። ጎትቼ አመጣሁት። ላቀው ክዳኑን ከፍቶ አየው፣ መልሶ ከደነው። «ከጎረቤት ትንሽ ጥጥ ለምነሽ ነይ፣ ሌንሱን ደግመን እንጥረገው» አለኝ። ቦናን ትቼ ሮጥኩ።

ስመለስ ጣሳው ባዶውን ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሚስማሩ ላይ ደግሞ ጥቁር ፌስታል ተንጠልጥሏል።

«ወረቀቶቹን በፌስታል አድርጌ ሰቅዬልሻለሁ» አለኝ። «ለአባትሽ አሁን አትንገሪው። እኔ ሌላ ጣሳ ገዝቼ እተካለሁ።»

አመሰገንኩት። ሁለት እጄን አቅርቤ፣ አጎንብሼ አመሰገንኩት። ይህን በጻፍኩ ቁጥር እጄን መቁረጥ ያምረኛል።

ያ ቀን በሕይወቴ ከሁሉ ደስ ያለኝ ቀን ነበር። ይሄንንም ነው የሰረቀኝ። ዛሬ እንደ ደስታ አላስታውሰውም።

ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ። አባቴ ብቅ ሲል ጣሳውን ከመደቡ ሥር እገፋው ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቀበሌ መልእክተኛ ቤታችን መጥቶ ከአባቴ ጋር ደጅ ቆሞ አወራ። ከበረት ውስጥ ሆኜ የደረሰኝ ቁርጥራጭ ነበር፤ «ልኬታ»፣ «ማክሰኞ»፣ «ማስረጃ ያለው ይዞ ይቅረብ»። አባቴ አልደነገጠም። «አለኝ» አለ፣ ረጋ ብሎ። «አንድም ዓመት አልጎደለም።»

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ሲሆን እንደ ልማዴ ፕሌይስቴሽኑን ገልብጬ ተቀመጥኩ። አባቴ ወደ ውስጥ ገባ። ሳጥኑ ሲጎተት ሰማሁ። ቆይቶ መጣና ከአጠገቤ ያለውን ጣሳ አነሳው። ብሎኖቹ ተንኮሻኮሹ።

«ይሄን ማን ነካው?»

«እኔ። ወረቀቶቹ ፌስታል ውስጥ ናቸው አባዬ፣ ሚስማሩ ላይ።»

ፌስታሉን አወረደና ፈታው። ውስጡ የተጣጠፈ ጋዜጣ ነበር። እኔ ከተቀመጥኩበት ወረቀት ነው የታየኝ፤ ወረቀት ወረቀት ነው። አባቴ አንዱን ገለጠ፣ ሌላውን ገለጠ። ከዚያ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ «ማን ነበረ አብሮሽ?» አለኝ።

«ጋሼ ላቀው።»

መኪናዬ ስክሪኑ ላይ ግድግዳ ገጭታ ቆማለች። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ነቀለ፣ ፕሌይስቴሽኑን ብድግ አደረገና ወጣ። ተከተልኩት። እንጨት ከምንፈልጥበት ግንድ ላይ አስቀመጠው። መጥረቢያውን በጀርባው አዞረው። ሦስቴ መታው። በሦስተኛው ሌንሱ ከውስጥ ወጥቶ ኩበቱ ላይ ወደቀ።

አባቴ መትቶኝ አያውቅም። ያን ቀን ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለአንድ ጣሳ ብለህ?» አልኩት። ድምፄ የራሴ አይመስልም ነበር። «ለአንድ ጣሳ ብለህ ነው?»

አየኝ። አሁን ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ ያኔ ግን ጭካኔ መሰለኝ።

«አዎ» አለኝ። «ለጣሳው ነው። የሰው ዕቃ ሳታስፈቅጂ አትንኪ።»

እናቴ ስትመጣ ከቤቱ ኋላ ሄደው በኦሮምኛ በዝግታ ተነጋገሩ። «ወረቀቱ የለም» ሲል ሰማሁት። እናቴ ዋይ ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ክው አልኩ፤ ፍራሽ ውስጥ የደበቅኩትን፣ ከሃያው አራት ብቻ ያመጣሁበትን የሒሳብ ፈተና ወረቀት ያወቁብኝ መሰለኝ። ሮጬ አወጣሁትና ቀዳድጄ ሽንት ቤት ጣልኩት። እነሱ የቤታችን መጨረሻ መጥቶ ሲያለቅሱ እኔ የፈተና ወረቀት ስቀድ ነበር።

በጣሳው ውስጥ የነበሩት የግብር ደረሰኞች ነበሩ። አያቴ ከሞተ ጀምሮ አባቴ በየዓመቱ በስሙ ለወንዙ ዳር መሬት የገበረባቸው፣ መሬቱ የእሱ ይዞታ መሆኑን የሚያሳዩ ብቸኛ ወረቀቶች። መሬቱ ለግንባታ ሊወሰድ፣ ካሳውም ለባለይዞታው ሊከፈል ሲል፣ አንድ ባለ ነጭ መኪና ሰው መሬቱ የእኔ ነው፣ ሁንዴሳ በእኩል ያርስልኝ ነበር እያለ ምስክር ሲሰበስብ ከርሟል። የጎደለው ነገር ቢኖር የአባቴ ደረሰኞች መጥፋት ብቻ ነበር። ላቀው የሠራው ለዚያ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም። የማውቀው ነጩ መኪና እርሻችን ላይ እንደቆመ፣ ሜትር የያዙ ሰዎች ሽምብራውን እየረገጡ እንደሄዱ፣ አባቴም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደቆመ ነው። ልኬታ ለሁሉም ገበሬ ስለደረሰ የእኛም እንደ ሰው መሰለኝ።

ደግሞም አባቴ ሽማግሌ ይዞ ላቀው ሱቅ መሄዱን ሰማሁ። ላቀው የማውቀው ነገር የለም ብሎ ማለ። ከዚያ ወዲህ ወተት አልገዛንም፤ ሱቁንም ዘግቶ ሌላ ሰፈር ገባ። እኔ ደግሞ አባቴ ሰድቦብኝ ነው ብዬ ሌላ ቂም ጨመርኩበት።

ጎረቤቶቻችን ካሳና ምትክ ቦታ ተሰጥቷቸው ቤት ሠሩ። እኛ ላሞቹን ሸጠን ጀሞ አንዲት ክፍል ተከራየን። አባቴ ለምን እንደ ሰው ቤት እንዳልሠራ ስጠይቅ እናቴ «ዕድል ነው» ትለኝ ነበር። የአባቴ ዕድል ዘበኝነት ሆነ። ካፖርቱን ለብሶ የኮንዶሚኒየም በር ላይ ይቆማል። አስረኛ ክፍል እያለሁ ከጓደኞቼ ጋር በዚያ በር ሳልፍ አይቶኝ እጁን አነሳ፤ እኔ ፊቴን ወደ ታክሲው አዞርኩ። ለራሴም ይገባዋል አልኩ፤ ለጣሳ ብሎ የሰው ልብ የሚሰብር ሰው ነው።

እኔ የዕቃ ነገር አልለቀቀኝም። ቴክኒክና ሙያ ገባሁ፣ ዛሬ ጀሞ ውስጥ ስልክና ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ሥራ የሚበዛብኝ ቅዳሜና እሁድ ነው። ካቻቢቴ በያዝኩ ቁጥር የምጠቀመው እሱ ያሳየኝን አያያዝ ነው፤ ሌላ አያያዝ ለመልመድ ሞክሬ እጄ እምቢ አለ።

ባለፈው ዓመት አንድ እሁድ ቦና እጮኛውን ለማስተዋወቅ ቤት አመጣት። ምሳ በላን። ልጅቷ «ዕቃ መጠገን ከየት ለመድሽ?» አለችኝ። የተለመደውን ተረክ ጀመርኩ፤ ፕሌይስቴሽኑን፣ መጥረቢያውን፣ ጣሳውን። ልጅቷ ሳቀች። አባቴ ሳቀ።

እናቴ አልሳቀችም። የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች።

«ይበቃል» አለች። «ይሄን ሁሉ ዓመት ይሄን ሳቅ ሰማሁት። አሁንስ በቃኝ።»

«ዲሲ፣ ገዲሴ» አላት አባቴ፣ ተይው ሲላት ነው።

«አልተውም። ልጅህ በሰው ፊት ስታዋርድህ እያየሁ ልኑር? ኦብሴ፣ አባትሽ ያንን ነገር ለጣሳ ብሎ አልሰበረውም።»

ነገረችኝ። ፌስታሉን፣ ጋዜጣውን፣ ላቀውን፣ ባለ ነጭ መኪናውን፣ ሽማግሌዎቹን፣ አቤት ብሎ የተመለሰባቸውን ቢሮዎች ሁሉ ነገረችኝ። አባቴ እስክትጨርስ ድረስ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጨው በጣቱ ይሰበስብ ነበር። የቦና እጮኛ የት እንደምትገባ ጠፋት።

ያን ሳምንት ላቀውን አፈላለግኩት። አልከበደኝም፤ ከነፋስ ስልክ ወረድ ብሎ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ከፍቷል። ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ሸብቷል፣ ወፍሯል፣ ጤነኛ ነው። ደንበኞች ነበሩ። ስሜን ስነግረው ትንሽ አሰበና ፊቱ ፈካ።

«ባለ ፕሌይስቴሽኗ። አቤት፣ እንዴት ያለሽ ጎበዝ ልጅ ነበርሽ። ቁጭ በይ እንጂ።»

«ደረሰኞቹን የት አደረስካቸው?» አልኩት። አንተ ብዬ።

«የምን ደረሰኝ?»

«የሁንዴሳን። ከጣሳው ያወጣሃቸውን።»

ደንበኞቹን አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ ያ ጊዜ ሌላ ጊዜ ነበር። መሬቱ እንደሆነ መሄዱ አይቀርም ነበር።»

«እኔን ጥጥ አምጪ ብለህ የላክኸኝም ጊዜው ነው?»

ወደ ደንበኞቹ ዞርኩና ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። አልጮህኩም። አምፖል የያዘ ሰውዬ አምፖሉን መልሶ አስቀምጦ ወጣ። አንዲት ሴትዮ ግን ሰምታኝ ስታበቃ «የሶኬቱ ዋጋ ስንት ነው?» አለችው፤ እሱም ነገራት። ወጣሁ። ሰው ይህን ሰምቶ ሶኬት ይገዛል።

ከዚያ በቀጥታ አባቴ ወደሚጠብቅበት በር ሄድኩ። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር። የት እንደነበርኩ ስነግረው ተቆጣ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጮህብኝ ሰማሁ።

«ማን ላከሽ? እኔ ላክሁሽ?»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አስራ ሁለት ዓመትሽ ነበር።»

«ከዚያስ በኋላ? ሃያ ሆነኝ፣ ሃያ አምስት ሆነኝ።»

«ያኔ ደግሞ የሰው ስልክ መፍታት ጀምረሻል። ብነግርሽ እጅሽ ይፈራል ብዬ።»

ይሄ ይበልጥ አበሸቀኝ። የሚገባውን ሰው የምጠላበት አስራ ሰባት ዓመት ነበረኝ፤ ሁሉንም በእሱ ላይ ጨረስኩት፤ እሱም ቁጭ ብሎ ተቀበለኝ።

«እኔ ስጠላህ ደስ ይልህ ነበር?»

«አይ፣ ደስስ አይልም» አለ። «ይቻላል ግን።»

የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ተነስቶ በሩን ከፈተ፣ እጁን አንስቶ ሰላም አለ። ባለ መኪናው ስልኩን እያየ ገባ። አባቴ በሩን መልሶ ዘግቶ መጣና ከጎኔ ተቀመጠ። ቁጣው አልፎለታል፤ እሱ ላይ ቶሎ ያልፋል።

«አሁንም ተናደሻል?» አለኝ።

«አዎ።»

«በማን?»

«በላቀው። በባለ ነጭ መኪናው። ማኅተም በመቱለት የቀበሌ ሰዎች። በራሴ።»

«የመጨረሻዋን ተያት» አለኝ።

እስከ ዛሬ አልተውኳትም።